ዜና ሕይወቱ ለማክስ ፕላንክ፣ መምህረ በርሊን

ዓፄ ቴዎድሮስ በሰሜን አገር በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ በ1850 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ሚያዝያ 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘውና ያን ጊዜ ለዴንማርክ ንጉሥ ትገዛ በነበረችው በኪል ከተማ፣ ማክስ ፕላንክ ከአባቱ ከቪልሄልምና ከእናቱ ከኤማ ተወለደ። ይህ ሰው ኋላ የኳንተም ትምህርት አባት ለመባል የበቃ፣ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ አለቃ ሆኖ የተሾመ፣ በመጨረሻም የጀርመን ሊቃውንት ማኅበር በስሙ የተጠራለት ነው። የጎንደርን ሰው ከኪል ሰው ዜና ጋራ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ደጃዝማች ውቤ ያን የደረስጌን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ በሥራው ከረዷቸው ሰዎች አንዱ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ነበረ ያስታውስ፤ ከበጌምድር ወጥተው ፕላንክ ባስተማረበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስላስተማሩት ሊቅም ጊዜው ሲደርስ በቦታው እንናገራለን። ዘመኑንም ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር እናደርገዋለን።

የፕላንክ ዘር የመምህራን ዘር ነው። ቅድመ አያቱና አያቱ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት መምህራን ነበሩ፤ አባቱም የሕግ መምህር ነበረ፤ ስለዚህ ልጁ ያደገው ወንበርና መጽሐፍ ርስት በሆኑበት ቤት ነው። ጠባዩም ከዚሁ የተቀዳ ነበረ፤ ሕግ አክባሪ፣ ቃሉን ጠባቂ፣ ለመንግሥት ታዛዥ፣ አባቶች የሠሩትን ማፍረስ የሚጠላ። አንባቢ ይህን ጠባዩን በልቡ ይያዝ፤ ክብሩም ነቀፋውም ከዚህ ይወጣልና።

ዓፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በዘረፉበትና አብያተ ክርስቲያናቷን በእሳት ባቃጠሉበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ በ1859 ዓ.ም.፣ አባቱ ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ነበርና ብላቴናው ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ባቫርያ ወረደ። በዚያም ሔርማን ሙለር የሚባል የሒሳብ መምህር አገኘ፤ ይህም መምህር ጉልበት ከቦታ ወደ ቦታ፣ ከመልክ ወደ መልክ ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሕግ በግንበኛ ታሪክ አስተማረው። አንድ ግንበኛ ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ጣራ ይወጣል፤ በመውጣቱ ያፈሰሰው ጉልበት ግን ከንቱ አልቀረም፤ በድንጋዩ ተከማችቶ ምናልባት ብዙ ዓመት ይቈያል፤ አንድ ቀን ድንጋዩ ተፈንቅሎ በአላፊ አግዳሚው ራስ ላይ ሲወርድ ያን ጊዜ ይገለጣል። ከፋሲል ግንብ ሥር የሚመላለስ የጎንደር ሰው ይህን ትምህርት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ፕላንክ ይህን ነገር እስከ ሽምግልናው አልረሳውም፤ ከሰው ፈቃድ ውጭ የቆመ፣ ንጉሥም ሆነ ድኻ የማይለውጠው ሕግ በዓለም መኖሩን መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ነው እያለ ይናገር ነበር።

በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤቱን ጨርሶ ሲወጣ ሁለት መንገድ ከፊቱ ነበረ። ፒያኖና ኦርጋን እጅግ ያውቃል፣ ድምፁም መልካም ነበረ፤ ስለዚህ ለዜማ እንዲሰጥ የሚመክሩት ነበሩ። ወደ ፊዚክስ መምህሩ ወደ ፎን ዮሊ ሄዶ ይህን ትምህርት ልያዝን ብሎ ቢጠይቀው፣ በዚህ ትምህርት የሚገኘው ሁሉ ከሞላ ጐደል ተገኝቷል፣ ጥቂት ቀዳዳ መድፈን ብቻ ቀርቷል ብሎ መለሰለት። ብላቴናውም፣ እኔ የተሠራውን ማወቅ እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አልሻም ብሎ ገባበት። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው የሁሉን መሠረት ሲያናውጥ ማየት ከዚህ ዜና ድንቅ አንዱ ነው።

በ1870 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ወደ በርሊን ወጥቶ የዘመኑን ሁለት ታላላቅ መምህራን፣ ሄልምሆልትስንና ኪርክሆፍን ሰማ። ነገር ግን ሊቅነት ሁሉ መምህርነት አይደለምና፣ ሄልምሆልትስ ሳይዘጋጅ እየመጣ በሰሌዳው ላይ ይሳሳት ነበር፤ ኪርክሆፍም ቃል በቃል ያጠናውን አንድ ቃና ብቻ በሆነ ድምፅ ይደግመው ነበር። ስለዚህ ፕላንክ የክላውዚየስን መጻሕፍት በገዛ እጁ ይዞ ስለ ሙቀት ሕግጋት ተማረ፤ በ1871 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ በዚሁ ነገር ጽፎ በሙኒክ ዶክተር ተባለ። መጽሐፉን ግን ሰው አላነበበለትም፤ ሄልምሆልትስ ሳያየው ቀረ፣ ኪርክሆፍም አይቶ አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ ያለ ደመወዝ እያስተማረ በአባቱ ቤት አምስት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በ1877 ዓ.ም. የተወለደባት ኪል በመምህርነት ጠራችው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ማሪ ሜርክ የምትባል የባንክ ባለቤት ልጅ አገባ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ኪርክሆፍ ሞቶ ወንበሩ ባዶ ነበርና ፕላንክ ተተክቶ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1884 ዓ.ም. ሙሉ መምህር ሆኖ ተሾመ።

አሁን ስሙን ወዳስጠራው ነገር እንግባ። ከጎንደር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ባለ እጆች ብረት ሲቀጠቅጡ ያየ ሰው፣ ወናፉ ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ጥቁር መስሎ እንደሚግል፣ ቀጥሎ ደም እንደሚመስል፣ ከዚያ ወደ ብጫ፣ በመጨረሻም ወደ ነጭነት እንደሚያደላ ያውቃል፤ ቀጥቃጩም መለኪያ ሳይኖረው በመልኩ ብቻ ጊዜውን ይለያል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያፈሰሱት ፈረንጆችም ከዚህ የተለየ መፍረጃ አልነበራቸውም። በዚያው በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1852 ዓ.ም. ግድም፣ ኪርክሆፍ አንድ ነገር አሳየ፤ በሁሉ አቅጣጫ የተዘጋ ባዶ ምድጃ ሲግል፣ በትንሽ ቀዳዳው የሚወጣው ብርሃን ምድጃው ከብረትም ይሠራ ከሸክላ ልዩነት የለውም፤ የሚወስነው የሙቀቱ መጠን ብቻ ነው። ነገሩ ከየትኛውም ቁስ ጠባይ ነጻ የሆነ ሕግ ከሆነ፣ ያን ሕግ በቁጥር ማን ይጽፈዋል? ጥያቄው 40 ዓመት ያህል ሰው ጠበቀ። ፕላንክንም የሳበው ይኸው ነበረ፤ ንጉሥ የማይለውጠው የግንበኛው ሕግ ሌላ መልክ ይዞ መጣለት።

በበርሊን ዳር በሻርሎተንቡርግ የመንግሥት መለኪያ ቤት ነበረ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መብራት ሠሪዎች የብርሃን ልክ እንዲወሰንላቸው ይሹ ነበርና በዚያ ያሉ ሊቃውንት የምድጃውን ብርሃን በየቀለሙ እየከፈሉ ይለኩ ነበር። ቪን የሚባል ሊቅ ያወጣው ቀመር ለጊዜው ከልኩ ጋራ ተስማማ፤ ፕላንክም ተቀብሎት ለማጽናት ደከመ። ነገር ግን በ1893 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ መስከረም 27 ቀን እሑድ፣ ሩበንስ የሚባል መለኪያ ባለሙያ ከሚስቱ ጋራ ወደ ፕላንክ ቤት ለሻይ መጥቶ፣ ዓይን በማያየው ከቀይ በታች ባለው ብርሃን የቪን ቀመር እንደ ከሸፈ፣ በዚያ በኩል የብርሃኑ ብዛት ከሙቀቱ ጋራ እኩል እንደሚያድግ ነገረው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፕላንክ በዚያው ምሽት ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ አዲስ ቀመር አወጣ፤ በፖስታ ካርድም ጽፎ ለሩበንስ ላከለት። ጥቅምት 9 ቀን በፊዚክስ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተናገረው፤ ሩበንስም ሌሊቱን ከልኮቹ ጋራ ሲያመሳክር አድሮ በማግሥቱ በጠዋት መጥቶ ፍጹም ተስማምቷል አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ደስ ብሎት ይቀመጥ ነበር። ፕላንክ ግን ቀመሩ እውነት መሆኑን እያወቀ ስለ ምን እውነት እንደ ሆነ ስላላወቀ ዕረፍት አጣ፤ በሕይወቱ ከደከመው ሁሉ በእነዚያ ሳምንታት የደከመው እንደሚበልጥ ኋላ ራሱ ተናግሯል። እስከዚያ ቀን ሲነቅፈው የኖረውን የሊቁን የቦልትስማንን የዕድል ቈጠራ መቀበል ግድ ሆነበት፤ ሊቈጥር ሲነሣ ደግሞ የሚቈጠረው ነገር የተነጣጠለ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ታኅሣሥ 5 ቀን በአቦ ዕለት ለዚያው ጉባኤ፣ ሙቀት ያለው አካል ጉልበቱን የሚሰጠውና የሚቀበለው እየቈረጠ ነው፣ ከአንድ ቁራሽ፣ ማለት ከአንድ ኳንተም፣ በታች አይሰጥም አይቀበልም ብሎ አቀረበ። የድሮ ሊቃውንት ጉልበት እንደ ውኃ ያለ መቋረጥ ይፈሳል ይሉ ነበር፤ በእርሱ ትምህርት ግን በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይዘዋወር እንደ ነበረው እንደ ማሪያ ቴሬዛ ብር ሆነ፤ አንድ ወይም ሁለት ይቈጠራል፣ ግማሹን ግን ቈርሶ የሚሰጥ የለም። የብሩም ክብደት እንደ ብርሃኑ ቀለም ይለያያል፤ ወደ ቀይ ሲሆን ይቀላል፣ ወደ ሐምራዊ ሲሆን ይከብዳል፤ ለዚህም ነው ብረት ቀድሞ የሚቀላው፣ ለነጭነት ግን ብዙ ወናፍ የሚያሻው። ቀለሙን ከቁራሹ ጋራ የሚያያይዘው ቁጥር የፕላንክ ቁጥር ተባለ፤ በጁልና በሰከንድ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 33 ዜሮ ተደርድሮ 6626 የሚል ይከተላል። እንዲህ ያለውን ኢምንት ከጋለ ምድጃ ቀዳዳ አውጥቶ መቍጠር ቻለ።

ጉባኤውም ሰምቶ በጸጥታ ተበተነ፤ ዘመን መለወጡን ያወቀ አልነበረም። ፕላንክም ይህን ያደረግሁት ከተስፋ መቍረጥ ነው እያለ፣ ቁራሹን መልሶ ወደ ጥንቱ ትምህርት ለማስገባት ብዙ ዓመት ደከመ፤ አልሆነለትም። በድካሙ የሚስቁበት ኋላ ብዙ ሆኑ። እኔ ግን በዚህ አልነቅፈውም፤ አሮጌውን ቤት ወድዶት ሳለ፣ ቁጥሩ ስላስገደደው ብቻ ምሰሶውን የነቀለ ሰው፣ ማፍረስ ሙያው ከሆነው ይልቅ ይታመናል። ትምህርቱን ከእርሱ ይልቅ አስፍቶ የያዘው በ1897 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፈጠራ መዝገብ ቤት ጸሐፊ የነበረው አንስታይን ነው፤ ብርሃን ራሱ የተቈራረጠ ነው አለ። ፕላንክ ይህን ለመቀበል ቢዘገይም፣ የዚያኑ ሰው ሌላ ትምህርት፣ የአንጻራዊነትን ነገር፣ ከታላላቆቹ ሁሉ ቀድሞ ያወቀለትና ያስተማረው እርሱ ነው።

በዚያው በ1897 ዓ.ም. ገደማ ከላይ ቀጠሮ የሰጠንበት ነገር ሆነ። በበጌምድር በይፋግ የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም፣ የጀርመን ቄሣር መምህር እንዲላክለት ስለ ጠየቀ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ በርሊን ተሻገሩ፤ በዩኒቨርሲቲው ሥር በተቋቋመው በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ አማርኛና ግእዝ አስተማሩ። በዚያ ጊዜ የመጽሐፈ ሰዋስው ደራሲ የይፋጉ ሊቅ ለጀርመን ወጣቶች ግሥ ሲያስረዱ፣ በዚያው ከተማ የፕላንክ ጉባኤ ከአፍ እስከ ገደቡ ይሞላ ነበር። ፕላንክ ሲያስተምር ወረቀት አይዝም፣ አይሳሳትም፣ አይደናቀፍም፤ መቀመጫ ያጡት በግድግዳው ዙሪያ ይቆማሉ፤ ከአዳራሹ ሙቀትና መታፈን የተነሣ አንዳንዱ ተዝለፍልፎ ቢወድቅም መምህሩ ቃሉን አያቋርጥም ብሎ አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ጽፏል። ከአለቃ ታዬ ደቀ መዛሙርት አንዱ አይሁዳዊው ኦይገን ሚትቮኅ ነበረ፤ የዚህንም ሰው ፍጻሜ ወደ ፊት እናገኘዋለን።

ስለ ሹመቱ እንናገር። በ1904 ዓ.ም. የፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ቋሚ ጸሐፊ ሆነ፤ ይህንም ሹመት 26 ዓመት ያህል ያዘው። በጥቅምት 1906 ዓ.ም. ደግሞ መምህራኑ መርጠውት ለአንድ ዓመት የበርሊን ዩኒቨርሲቲ አለቃ ሆነ። እንደ አስተዳዳሪ ሲመዘን አዋጅ የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ ሰው ማወቅ ግን ይችል ነበር። ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይገባቸውም ይል የነበረ ሲሆን፣ ከቪየና የመጣችውን ሊዘ ማይትነርን ባየ ጊዜ ከትምህርቱ አስገባት፤ ቀጥሎም ረዳቱ አድርጎ ቀጠራት፤ በፕሩሲያ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ናት ይባላል። ከሊቁ ከኔርንስት ጋራ ወደ ዙሪክ ወርዶም ማስተማር ግዴታው ያልሆነ ወንበርና ደህና ደመወዝ ለአንስታይን አቅርቦ፣ በዚያው በአለቅነቱ ዓመት በርሊን አስገባው። ማታ ማታ በፕላንክ ቤት ፕላንክ ፒያኖ፣ አንስታይን ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር።

ያ ዓመት ግን በሰላም አልተፈጸመም። ታኅሣሥ 3 ቀን ዳግማዊ ምኒልክ አረፉ፤ በሐምሌ መጨረሻ በአውሮፓ ታላቁ ጦርነት ተነሣ። ተማሪው ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ሲተምም የዩኒቨርሲቲው አለቃ በደስታና በኩራት ሸኘው፤ በመስከረም 1907 ዓ.ም. 93 የጀርመን ሊቃውንት የሠራዊታቸውን ግፍ ሁሉ የካዱበት ጽሕፈት ሲወጣ የፕላንክ ስም በውስጡ ነበረ። ሳላነበው ነው የፈረምሁት አለ፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ለሆላንዳዊው ሊቅ ለሎረንትስ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ የጀርመን ሥራ ሁሉ መከላከያ ሊሆን የማይችል እንደ ሆነ መሰከረ። በሥነ ፍጥረት ነገር አንዲት አሐዝ ሳይመረምር የማያልፍ ሰው በመንግሥት ነገር ሳያነብ መፈረሙን ሳስብ፣ ይቅርታውን ብቀበልም ነቀፋውን ልሰርዝ አልችልም።

የቤቱም መከራ በዚህ ዘመን ተደራረበ። ሚስቱ ማሪ በ1902 ዓ.ም. ሞታ ነበር፤ የእኅት ወይም የወንድም ልጇን ማርጋን አግብቶ ሌላ ወንድ ልጅ ወልዷል። የበኩር ልጁ ካርል በ1908 ዓ.ም. በቬርዱን በደረሰበት ቍስል ሞተ። መንትያ ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ግሬተ በ1909 ዓ.ም. ወልዳ በሰሞኑ ሞተች፤ መንትያዋ ኤማ የእኅቷን ሕፃን ልታሳድግ ሄዳ ኋላ ባልየውን አገባች፤ እርሷም በኅዳር 1912 ዓ.ም. እንደዚያው በወሊድ ሞተች። የ1918 የፈረንጆች ዓመት የኖቤል ሽልማት ለፕላንክ እንደ ተሰጠ የተነገረውም በዚያው በኅዳር ነው። ሁለቱን ሕፃናት እያሳደገ በሥራው ጸና። የጀርመን ገንዘብ በወደቀበት ዘመን በአካዳሚው ጉዳይ መንገድ ሄዶ፣ የተሰጠው ስንቅ ሲደርስ የአንድ ሌሊት ማደሪያ የማይገዛ ሆኖ ቢያገኘው፣ በ65 ዓመቱ በባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አደረ። ወንበሩን ሲለቅ በ1919 ዓ.ም. ግድም ሽሬዲንገር የሚባል ሊቅ ተተካ።

በ1922 ዓ.ም. በክረምት፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊደፉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ፕላንክ በ72 ዓመቱ የካይዘር ቪልሄልም ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ይህ ማኅበር የጀርመንን ታላላቅ የምርምር ቤቶች የሚያስተዳድር ነው። በጥር 1925 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ አይሁድ የሆኑ ሊቃውንት ሁሉ ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡ ሕግ ወጣ። ግንቦት 8 ቀን ፕላንክ እንደ ሹመቱ ወግ ወደ ሂትለር ገብቶ፣ ከአየር ናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚሆን አሞኒያ ማውጣትን ላስተማረው ለአይሁዳዊው ለፍሪትስ ሐበር ሊማልድ ጀመረ። ሂትለር ግን አይሁዳዊ ሁሉ አይሁዳዊ ነው እያለ፣ ጉልበቱን በእጁ እየመታ፣ ንግግሩን እያፈጠነ ከቍጣ ወደ ቍጣ ተሻገረ፤ ሽማግሌው ዝም ብሎ ሰምቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ምን ያድርግ? ኦቶ ሃን የሚባል ሊቅ ስመ ጥር መምህራንን ሰብስበን አቤቱታ እናሰማ ቢለው፣ ዛሬ 30 ሰዎች ቢቆሙ ነገ 150 ሰዎች ወንበራቸውን ሊይዙ ይመጣሉ ብሎ መለሰለት። አንስታይንም ከአካዳሚው በገዛ እጁ ሲወጣ፣ ሥራው ከኬፕለርና ከኒውተን ሥራ ጋራ የሚመዘን መሆኑን በጉባኤ ፊት ተናገረ፤ ወዲያው ደግሞ በፖለቲካ ጠባዩ ምክንያት መቀመጡ የማይቻል ሆነ አለ። አንዱ ዓረፍተ ነገር የእውነተኛ ሊቅ፣ ሁለተኛው የታዛዥ ሹም ነው፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ወጡ። አለቃ ታዬ ፊደል ያስቈጠሩት ሚትቮኅም ከበርሊን ወንበሩ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በለንደንም ሞተ። አንድ ጊዜ በሽቱትጋርት የብረታ ብረት ምርምር ቤት ሲመረቅ ፕላንክ እንደ አዲሱ ወግ እጅ አንሥቶ የሂትለርን ስም መጥራት ነበረበት፤ ከመድረኩ ቆሞ እጁን እስከ ግማሽ አነሣ፣ መልሶ አወረደው፤ ሁለተኛም አነሣ፣ አወረደ፤ በሦስተኛው ጊዜ አነሣና ስሙን ጠራ። ይህን በዓይኑ ያየ ሊቅ፣ ማኅበሩን ላለማጥፋት ሌላ ምን ያደርግ ነበር ብሎ ጽፎለታል። በዘመነ መሳፍንት በየመስፍኑ ፊት እጅ እየነሡ ጉባኤያቸውን ያቈዩ የጎንደር መምህራን ልጅ የሆነ ሰው ይህን ለመፍረድ አይቸኵልም፤ ሆኖም እጁ ሁለት ጊዜ መውረዱን እንደ ጻፍሁ ሦስተኛ መነሣቱንም ልጽፍ ግድ ነው።

አንድ ቀን ግን አልታዘዘም። ሐበር በስደት በሞተ በዓመቱ፣ ጥር 21 ቀን 1927 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ፕላንክ የመታሰቢያ ጉባኤ ጠራ። የትምህርት ሚኒስትሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሁሉ እንዳይገኙ ከለከለ፤ ፕላንክ ፖሊስ ጎትቶ ካላስወጣኝ በቀር አደርገዋለሁ አለ። የተከለከሉት መምህራን ሚስቶቻቸውን ላኩ፤ አዳራሹ ሞላ፤ ንግግር ሊያደርግ የነበረው መምህር ስለ ተከለከለ ኦቶ ሃን በእርሱ ፈንታ ጽሕፈቱን አነበበ፤ ፖሊስም አልመጣም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ መሳካቱ ቀድሞ ያልተሞከረው ሁሉ ቢሞከር ምን ይሆን ነበር የሚያሰኝ ነው።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጣልያን ጎንደርን ያዘ፤ በተከታዩ ዓመት ፕላንክ የማኅበሩን ፕሬዚዳንትነት ለቀቀ፤ በ1931 ዓ.ም. የአካዳሚውንም ጸሐፊነት ተወ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥነ ፍጥረት ይናገር ነበር፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ ለአንደኛው እግዚአብሔር መነሻ ነው፣ ለሁለተኛው መድረሻ ነው የሚለው ትምህርቱ በዚያ ዘመን ብዙ ሰሚ አገኘ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ከጣልያን እጅ ነጻ ስትወጣ እርሱ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነበረ።

በየካቲት 1936 ዓ.ም. በበርሊን የነበረው ቤቱ በአውሮፕላን ቦምብ ጋየ፤ የዕድሜ ልክ መጻሕፍቱና ማስታወሻዎቹ አንድም አልተረፉም። በሐምሌ፣ ሂትለርን ለመግደል የተደረገው ሙከራ ሲከሽፍ፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ የቀረለት አንድ ልጁ ኤርቪን ከሤራው ሰዎች ጋራ ታሰረ፤ በጥቅምት ሞት ተፈረደበት። አባትየው እጁን ላነሣለት ለዚያ ሰው የሕይወቱን ድካም አስቦ ልጁን እንዲምርለት የልመና ደብዳቤ ጻፈ። ጥር 15 ቀን 1937 ዓ.ም. በሰማዕቱ በሕፃኑ ቂርቆስ ዕለት ኤርቪን በፕሎትሰንሴ ወኅኒ ተሰቀለ። ይህ ልጅ ለፕላንክ ልጅ ብቻ አልነበረም፣ ወዳጁና መካሪው ነበረ፤ በዚያ በ1893 ዓ.ም. በበርሊን ዳር ባለው ደን ውስጥ ሲመላለሱ፣ ያገኘሁት ነገር ወይ ከንቱ ነው ወይ ከኒውተን በኋላ የሚቈጠር ነው ብሎ የነገረው ለዚህ ለሕፃኑ ልጁ እንደ ነበረ ይተረካል።

ጦርነቱ ሲያልቅ በኤልባ ወንዝ ዳር ከሚስቱ ጋራ ተጠግቶ የነበረውን፣ ወገቡ ጎብጦ በሕመም የሚሠቃየውን ሽማግሌ የአሜሪካ መኰንኖች በመኪና ጭነው አያቶቹ ወዳስተማሩባት ወደ ጎቲንገን አደረሱት። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራሱን ገድሎ ነበርና ኦቶ ሃን ከእስራት ተፈትቶ እስኪመጣ ድረስ በ87 ዓመቱ ፕሬዚዳንትነቱን ዳግመኛ ያዘ። በሐምሌ 1938 ዓ.ም. በለንደን የኒውተን የልደቱ 300ኛ ዓመት ሲከበር ከጀርመኖች መካከል የተጠራ እርሱ ብቻ ነው። ማኅበሩ በካይዘሩ ስም እንዳይኖር እንግሊዞች ከለከሉ፤ ስለዚህ በዕለተ ርእሰ ዐውደ ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን 1939 ዓ.ም. በባድ ድሪቡርግ፣ የማክስ ፕላንክ ማኅበር ተብሎ እንደ ገና ተመሠረተ፤ ሃንም መራው።

ማክስ ፕላንክም በ1940 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት፣ በተወለደ በ89 ዓመቱ በጎቲንገን ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ቁጥሩ ግን ገና ብዙ ዘመን በየአገሩ ሲለካና ሲታረም ኖረ፤ የዓለም የመለኪያ ጉባኤ በወሰነው መሠረት ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የኪሎግራም ልክ በፓሪስ አጠገብ በሴቭር ተቈልፎበት ከነበረው የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም መመዘኛ ተነሥቶ በፕላንክ ቁጥር ላይ ተመሠረተ፤ ቁጥሩም ከዚያ ቀን ወዲህ በመለካት አይታረምም።